ፓተንት ምን ይሰጣል? ምንስ አይሰጥም?

በእኛ ሰፈር ፓተንት የማይባል ነገር የለም። ከቃሊቲ ተነስቶ በአቃቂ በኩል ወደ ቱሉ ዲምቱ ለሚመጣ ሰው መንገዱ ግራና ቀኝ ብየዳ ቤት፣ እንጨት ቤትና ብሎኬት ማምረቻ ነው። እጀ ወርቅ ባለሙያ ሞልቷል። ታዲያ የዳቦ ቤቱን ስም ሌላ ሰው ለጥፎት ያየ ሁሉ «ፓተንቴን ነጠቀኝ» ይላል። ዘፈኑን ያለ ፈቃድ የተጫወቱበት ልጅም «ፓተንቱ የኔ ነው» ይላል። የሶፋው መልክ የተቀዳበትም እንደዚያው። ሦስቱም ተበድለው ሊሆን ይችላል። የሚያንኳኩት በር ግን ለየቅል ነው።

ስምን የሚጠብቀው የንግድ ምልክት ነው። አዋጁ ቁጥር 501/1998 ሲሆን ምዝገባው በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ዘፈን፣ መጽሐፍ፣ ፊልም የሚጠበቀው በቅጂ መብት ነው፤ እሱም አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለው። የሶፋው መልክና ቅርጽ ደግሞ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ይባላል። ፓተንት ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። የሚይዘው አንድ ነገር የሚሠራበትን መላ ነው፦ አንድን ችግር በቴክኒክ የፈታ አዲስ ዕቃ፣ ወይም አዲስ አሠራር።

ይህ የስም መምታታት ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረውም። ሰዎች በዚህ የተነሳ ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን ሲያጡ አያለሁ። አንዳንዱ የማይመለከተው ቢሮ ሲመላለስ ይከርማል። የባሰው ደግሞ መብት ሊያገኝበት የሚችለውን ነገር ሳያውቅ በእጁ ያበላሻል።

ትልቁ ስህተት ያለው መብቱ ምን እንደሆነ ከመረዳቱ ላይ ነው። ብዙ ሰው ፓተንት የማምረት ፈቃድ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ መንግሥት ለጎበዝ የሚሰጠው ሽልማት ያደርገዋል። ሁለቱንም አይደለም። ፓተንት የመከልከል መብት ነው። ሌላ ሰው ያለ ፈቃዳችሁ ፈጠራችሁን እንዳያመርት፣ እንዳይሸጥ፣ ከውጭ እንዳያስገባ ትከለክላላችሁ፤ በቃ። ራሳችሁ አምርታችሁ ለመሸጥ የንግድ ፈቃዱም፣ የጥራት ደረጃውም፣ ግብሩም እንዳለ ነው። እንዲያውም ፈጠራችሁ የተሠራው በሌላ ሰው ፓተንት ላይ ተጨምሮ ከሆነ፣ ፓተንት ኖሯችሁም የዚያን ሰው ፈቃድ ሳትይዙ ማምረት አትችሉም።

ቢሮውም ፖሊስ አይደለም። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን መርምሮ ይመዘግባል፣ ሰነዱን ይሰጣል። መርካቶ ዞሮ የእናንተን ዕቃ ማን እንደቀዳው አይፈልግላችሁም። ቀጂውን የምታገኙት እናንተ፣ የምትከሱትም እናንተ ናችሁ።

ለዚህ ሁሉ መብት የሚከፈለው ዋጋ ምስጢር ነው። ከላቲን የመጣው የፓተንት ስም «ክፍት» ማለት ነው፤ የአውሮፓ ነገሥታት ይሰጡት ከነበረው፣ ማኅተሙ ሳይሰበር ማንም ከሚያነበው ደብዳቤ የተወረሰ ነው። ቬኒስ እ.ኤ.አ. በ1474 ለፈጣሪዎች ሕግ አወጣች። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ነገሥታቱ ጨውና የመጫወቻ ካርታ ሳይቀር ለወዳጆቻቸው በብቸኝነት እያደሉ ሕዝቡን አስመርረው ነበር። ፓርላማው እ.ኤ.አ. በ1624 ይህን አገደና ለአዲስ ፈጠራ ብቻ 14 ዓመት ፈቀደ። ዛሬም ድረስ ስምምነቱ ያው ነው። የዘርፉ ባለሙያ አንብቦ ሊሠራው በሚችል መጠን ፈጠራችሁን ዘርዝራችሁ ትጽፋላችሁ። ሰነዱ ለሕዝብ ይወጣል። በምላሹ ለተወሰነ ዓመት ብቻችሁን ትጠቀሙበታላችሁ። ዘመኑ ሲያልቅ የሁሉም ይሆናል።

ስለዚህ አንዳንዱን ነገር ዝም ብሎ መያዝ ይሻላል። አንዲት እናት የምትሸጠው ሽሮ ጣዕሙ ከቅመሙ አመጣጠን የሚመጣ ከሆነ፣ ሰው ሽሮውን ገዝቶ ሊያውቀው አይችልም። ታዲያ ለምን ጽፋ ለሕዝብ ትስጠው? ማሽን ግን ይህ ዕድል የለውም። አንዱን የገዛ ሰው ቡሎኑን ፈትቶ ሆዱን ያየዋል። በእኔ ግምት ወደ ፓተንት መሄድ ያለበት እንዲህ ሲሸጥ ምስጢሩ አብሮ የሚሸጠው ነገር ነው።

አሁን ወደ አንድ ማሽን ልጠጋ።

እኛ አካባቢ ላም የሚያረባ ብዙ ነው። ገለባ፣ ድርቆሽና የበቆሎ አገዳ የሚከትፍ ማሽን እንደ ልብ ይሸጣል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አንድ ዲናሞ፣ ሁለት ፑሌጃ፣ ቺንጋ፣ ከውስጥ በዘንግ ላይ የታሰሩ ቢላዎች፣ ከላይ የላሜራ አፍ። አደጋውም ይታወቃል። እርጥብ አገዳ ቢላው ላይ ሲጠመጠም የሚያጎርሰው ሰው በእጁ ሊገፋው ይሞክራል። ጣት የሚሄደው ያኔ ነው። አንድ የማውቀው ወጣት በያጅ ለዚህ መላ ሠራ። ከአፉ ሥር በሚያጎርሰው ሰው ጉልበት ልክ አንድ የብረት ዘንግ አጋደመ። ሰውየው እጁ ሲሳብ ሰውነቱም ወደፊት ይሄዳል፣ ጉልበቱ ዘንጉን ይገፋል፣ ዘንጉ ቺንጋውን ያላላል። ቢላው ቆመ ማለት ነው። ዘንጉን ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ሰውዬ መጥቶ ቆሞ ሲያየው ነበር» አለኝ። «ፓተንት ላውጣበት ወይስ ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ልልቀቀው? ገበያ ያመጣልኛል።»

«ቆይ፣ እንዳትለቀው» አልኩት። «መጀመሪያ ምኑ አዲስ እንደሆነ እንይ።»

አዲስነት የሚመዘነው ማመልከቻው በሚገባበት ቀን ነው። ለፓተንት መለኪያው መላው ዓለም ነው። ብራዚል ውስጥ በፖርቱጋል ቋንቋ የተጻፈ መጽሔት፣ ቻይና ውስጥ የተሸጠ ማሽን፣ ዩቲዩብ ላይ የተለቀቀ ቪዲዮ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ፈጣሪው ራሱ የለቀቀው ቪዲዮም ጭምር ሊቆጠር ይችላል። በዚህ ላይ አገሮች ይለያያሉ። አሜሪካ ፈጣሪው ራሱ ካሳየ በኋላ ለማመልከት አንድ ዓመት ትታገሣለች። አውሮፓ በመሠረቱ ይህን አትቀበልም፤ ቀድመህ ካሳየህ አለቀ። ስለዚህ ምክሬ አጭር ናት፦ ማመልከቻ ይቅደም፣ ቲክቶክ ይከተል። ኤግዚቢሽንም ቢሆን፣ የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅም ቢሆን እንደዚያው። ጋዜጠኛ ሲመጣ ደስ ብሎት ሁሉን ፈታቶ የሚያሳይ ፈጣሪ ሳይ ልቤ ይሰጋል።

የአዲስነቱን ፈተና ያለፈ ሁለተኛ ፈተና ይጠብቀዋል። ፈጠራው ለዘርፉ ባለሙያ እንዲሁ በግልጽ የሚታይ መሆን የለበትም። የብረቱን ውፍረት መጨመር፣ በአንድ ዲናሞ ፋንታ ሁለት ማድረግ፣ ቀለሙን መቀየር አያስኬድም። ሦስተኛው ፈተና ቀላል ነው፤ በኢንዱስትሪም ሆነ በግብርና ሥራ ላይ የሚውል መሆኑ ነው።

ከዚያ የይገባኛል አንቀጾቹ ይመጣሉ። እኔን ከፓተንት ሰነድ ሁሉ የሚማርከኝ ይህ ክፍል ነው። ሥዕሉ ቢያምር፣ መግለጫው ቢረዝም፣ ፍርድ ቤት የሚያነበው እነዚህን አንቀጾች ነው። ልክ እንደ ቦታ ካርታ ወሰኑን የሚያሰምሩት እነሱ ናቸው። ልጁ «መኖ የሚከትፍ ማሽን የኔ ነው» ብሎ ቢጽፍ ወዲያው ይወድቃል፤ መኖ መክተፊያ ድሮ የነበረ ነገር ነው። ፈርቶ ወደ ሌላኛው ጫፍ ቢሄድና «60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በሁለት ቡሎን የታሰረ፣ በስተቀኝ ሞላ ያለው ዘንግ» ብሎ ቢጽፍ ሊፈቀድለት ይችላል። ግን ጎረቤቱ ሞላውን ወደ ግራ አዙሮ፣ ሦስት ቡሎን አስሮ ይሸጥበታል። ጥሩው አንቀጽ መሐል ላይ ነው፦ መኖ መክተፊያ ሆኖ፣ ከማጉረሻው አፍ ሥር በሰውነት ሲገፋ ቺንጋውን የሚያላላና ቢላውን የሚያቆም ዘንግ ያለው። አዲሱን ነገር ብቻ ይይዛል፣ አዲሱን ነገር ግን ሙሉውን ይይዛል። ይህን መጻፍ ሙያ ነው። ገንዘብ የሚወጣበት ቦታ ካለ እዚህ ላይ ይውጣ እላለሁ።

አንድ ነገር ግን ነበር። በውጭ አገር የዛፍ ቅርንጫፍ የሚፈጩ ማሽኖች ላይ በጉልበት ወይም በጭን ሲገፋ መጎተቻውን የሚያቆም ዘንግ አለ፤ ለተመሳሳይ አደጋ የተሠራ ነው። ልጁ ይህን አይቶ አያውቅም። ከራሱ አእምሮ ነው ያወጣው። በፓተንት ሚዛን ግን ያላየው መሆኑ አይጠቅመውም።

ታዲያ ባዶ እጁን ይቅር? አይቀርም። ሰው የማያውቀው ግን እኛን የሚያዋጣን በር አለ። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ከፓተንት ጎን አነስተኛ ፈጠራ የሚል ምዕራፍ አለው። ለዚህ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ይባላል። ሁለት ነገር ያቀልላል። አዲስነቱ የሚመዘነው በኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ እዚህ የታወቀ ካልሆነ ይበቃል። እንደ ፓተንቱ የተራቀቀ የፈጠራ ደረጃም አይጠየቅም። ዘመኑ ያጥራል፦ 5 ዓመት፣ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ሌላ 5 ዓመት። ፓተንት ግን 15 ዓመት ሆኖ፣ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ይጨመርለታል። የመኖ መክተፊያ ገበያ ከ10 ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ለአንድ ብየዳ ቤት 10 ዓመት ብዙ ነው። እኔ በበኩሌ ከከተማው ዳር ላሉት ባለሙያዎቻችን ይህ በር ከፓተንቱ ይልቅ የቀረበ ይመስለኛል። «አነስተኛ» የሚለውን ሲሰሙ ቅር የሚላቸው አሉ። ቅር ሊላቸው አይገባም፤ የመከልከል መብቱ ጥርስ አለው።

አዋጁ ከነጭራሹ የማይቀበላቸውም አሉ። የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የንግድ ዘዴ፣ የጨዋታ ሕግ፣ የሒሳብ ቀመር፣ የሳይንስ ግኝት፣ የእንስሳትና የዕፅዋት ዝርያ፣ ሰውን ወይም እንስሳን የማከሚያ ዘዴ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተቀምጠው አፕ ለሚሠሩ ልጆች ይህ ወሳኝ ነው፤ የእነሱ መጠጊያ የቅጂ መብቱ ነው።

ግኝትና ፈጠራ የሚለያዩበትን መስመር በእንዶድ ማሳየት ይቻላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ስለሆነ ይህ ትልቅ ግኝት ነበር። እንዶድ ቀንድ አውጣ መግደሉ ግን የተፈጥሮ እውነት ነው፤ እውነቱን ማንም በፓተንት አይይዘውም። ከዓመታት በኋላ አሜሪካ ውስጥ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የእንዶድን ጭማቂ ተጠቅሞ የውኃ ቱቦ የሚደፍኑ ዛጎል ለበስ እንስሳትን ማጥፊያ ዘዴ ፓተንት ተሰጠበት፤ አክሊሉም ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሆነው ተመዝግበዋል። የተያዘው አንድ የአጠቃቀም ዘዴ ነው። እንዶዱ የማንም አልሆነም።

የጤፉ ነገር ከዚህ ይከብዳል። ሰው ሁሉ «ጤፋችንን ሆላንዶች ወሰዱት» ይላል። ንዴቱ እኔም ውስጥ አለ። ግን ምን እንደተወሰደ በትክክል ካላወቅን በሚቀጥለው ጊዜ አንከላከለውም።

አንድ የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የጤፍ ዱቄትን በሚመለከት ለፓተንት አመለከተ። በ2005 ከኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋማት ጋር የጤፍ ዝርያዎችን ለመጠቀምና ጥቅሙን ለመጋራት ውል ፈረመ። የአውሮፓ ፓተንቱ በ2007 ተሰጠ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ። ኢትዮጵያ ከውሉ አገኘች የሚባለው 4 ሺህ ዩሮ ገደማ ነው። ፓተንቱ ግን ከኩባንያው ጋር አልሞተም፤ አንሸንትግሬን ወደሚባል ሌላ ድርጅት ተላለፈ። ውል የገባው ወገን አንድ፣ ፓተንቱ ያለው ሌላ ሆነ። ኢትዮጵያ የማን እጅ ትያዝ?

የይገባኛል አንቀጹ ጤፍ የሚባለውን ሰብል አልጠየቀም። የጠየቀው ከአጨዳ በኋላ ለሳምንታት ቆይቶ፣ ሲፈጭ በአንድ የላቦራቶሪ ልኬት ቢያንስ 250 ከሚያሳይ ጤፍ የተገኘ ዱቄትን፣ ከዱቄቱም የሚሠሩ ምግቦችን ነው። ልኬቱ ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚወፍር ያሳያል። ቁጥር ሲሰጡት የረቀቀ ይመስላል። ጤፍ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ገብቶ ከርሞ መፈጨቱ ግን ለእኛ አገር ገበሬ ምኑ አዲስ ነው? ችግሩ የገበሬው ልማድ በአብዛኛው በቃል የሚተላለፍ መሆኑ ነው። የአውሮፓ መርማሪ ደግሞ በዋናነት የሚፈትሸው የተጻፈውን ነው። ያልተጻፈ እውቀት እሱ ዘንድ እንደሌለ ይቆጠራል።

ፓተንቱ ኢትዮጵያ ውስጥ እንጀራ መጋገርን አልከለከለም፤ ሊከለክልም አይችልም ነበር። ፓተንት ከተሰጠበት አገር ድንበር አይሻገርም። የሚጎዳው በተሰጠበት አገር ገበያ ላይ ነው። እዚያ የጤፍ ዱቄት ሊሸጥ የሚያስብ ነጋዴ ክስ ይፈራ ነበር፣ ከእኛም አይገዛም ነበር።

የወደቀው እንዴት ነው? አንሸንትግሬን ቤከልስ የተባለውን የዳቦ ግብዓት አምራች ሆላንድ ውስጥ ከሰሰ። ቤከልስ «ፓተንቱ ራሱ ዋጋ የለውም» ብሎ ተከራከረ። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ፈጠራ የሚያሰኘው ደረጃ ላይ አይደርስም ብሎ የሆላንዱን ፓተንት ሻረው። እኛ ጋር ዜናው ሲሰማ ትልቅ ደስታ ነበር፤ እኔም ተደስቻለሁ። ያሸነፈልን ግን የራሱን ገበያ የሚከላከል የሌላ አገር ድርጅት ነው። ውሳኔውም የሚጸናው ሆላንድ ላይ ብቻ ነው። ለዚህ ነው የአገራችን የአሠራር እውቀት ተጽፎ፣ ቀን ተቆርጦለት፣ መርማሪዎች በሚያገኙበት ቦታ መቀመጥ አለበት የምለው። ፓተንት ለመያዝ ሳይሆን ሌላው እንዳይይዝብን። የእንሰት ቆጮ አሠራሩም፣ የጠላ ጌሾውም፣ የሸክላ አተኳኮሱም።

የድንበሩ ነገር ለእኛ የሚጠቅም ጎንም አለው፤ ብዙ ሰው ግን ልብ አላለውም። አሜሪካ ወይም ጃፓን ተመዝግቦ ኢትዮጵያ ያልተመዘገበ ፈጠራን እዚህ አምርቶ መሸጥ ፓተንት መጣስ አይደለም። ጊዜው ያለፈበት ደግሞ ዘመኑ ባለቀበት አገር ነጻ ነው። ሰነዶቹ ከነሥዕላቸው በነጻ ይገኛሉ። ጉግል ፓተንትስ፣ የአውሮፓው ኢስፓስኔት፣ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ፓተንትስኮፕ፣ ሦስቱም በስልክ ይከፈታሉ። ኢስፓስኔት ላይ ብቻ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰነድ አለ። የዶሮ እንቁላል መፈልፈያ፣ የብሎኬት ማሽን፣ የውኃ ፓምፕ፣ ማር መጭመቂያ፣ የፈለጋችሁትን ጻፉ። እንግሊዝኛው ቢከብድ ሥዕሉ በቁጥር ተቀምጧል፤ ለበያጅ ሥዕሉ ብዙ ይነግረዋል። እኔ ለዚያ ልጅ ያሳየሁት የ1970ዎቹ የመኖ መክተፊያ ሥዕሎችን ነው። ስልኩን ከእጄ ወስዶ አልመለሰልኝም፤ የቢላውን አቀማመጥ እያጎላ ሲያይ ምሳ ሰዓት አለፈ።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራችሁትን ፈጠራው ፓተንት ወዳለበት አገር ብትልኩ እዚያ ትከሰሳላችሁ። ሁለተኛው፣ አዋጃችን የአስገቢ ፓተንት የሚባል ነገር አለው። በውጭ ፓተንት የተያዘበትና ዘመኑ ያላለቀ፣ እዚህ ግን ያልተመዘገበ ፈጠራን አገር ውስጥ ለማስገባትና ሥራ ላይ ለማዋል ኃላፊነት የሚወስድ ሰው እስከ 10 ዓመት ሊሰጠው ይችላል። ሥራ ላይ ካላዋለው ይሰረዝበታል። ስለዚህ ገንዘብ አውጥታችሁ ማምረት ከመጀመራችሁ በፊት ያን ፈጠራ እዚህ የያዘው ሰው እንዳለ ባለሥልጣኑ ዘንድ ጠይቁ።

ዕቃ ላይ «ፓተንት ፔንዲንግ» የሚል ጽሑፍ ስታዩ ደግሞ አትደንግጡ። ማመልከቻ ገብቷል፣ ገና አልተወሰነም ማለት ነው። ቁጥር ከተጻፈም ቁጥሩን ከነአገሩ መለያ ፊደል ፍለጋው ላይ አስገቡት። የተመዘገበበትን ቀን፣ ዘመኑ ማለፍ አለማለፉን፣ ዓመታዊ ክፍያው ተቋርጦ መውደቅ አለመውደቁን ብዙ ጊዜ እዚያው ታገኛላችሁ። ክፍያ ተቋርጦባቸው የወደቁ ፓተንቶች ብዙ ናቸው፤ ፍለጋውን ከእነሱ መጀመር ያዋጣል።